ምድጃ ዳር ያደሩ ኮሶዎች

ችግኞቹ ጋቢ ለብሰው ተኝተው ነበር። ሸጊቱ ባጃጁ ሳይመጣ ውሃ ላጠጣቸው ብላ ከወትሮው ቀድማ ተነሥታ ጓሮ ብትወጣ፣ ማታ በተርታ የደረደረችበት መሬት ባዶውን ጠበቃት። ሌባ ብላ ልትጮኽ አፏን ከከፈተች በኋላ በማድ ቤቱ በር ሥር የእሳት ብርሃን አየችና በሩን በእግሯ ገፋ አደረገችው። እናቷ ፋንታዬ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንጨት ትቆሰቁሳለች። ከኋላዋ፣ በምትተኛበት መደብ ርዝመት ሙሉ፣ የኮሶ ችግኞቹ ጥቁር ፕላስቲካቸውን እንደያዙ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል፤ እናቷ ክረምት ከበጋ የማትለየው ጋቢ በላያቸው ተጥሎ ቅጠሎቻቸው ብቻ በጫፉ ብቅ ብቅ ብለዋል። ክፍሉ ይሞቃል። ጭስና እርጥብ አፈር ይሸታል። ከተነቀለው የቆርቆሮ ሚስማር በኩል የሚወርደው ጠብታ አንድ ጣሳ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው ችግኞቹን እንዳያረጥብ ጣሳውን ተጠንቅቃ ያስቀመጠችው እናቷ ናት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሸጊቱ።

«ምን ይሁን፣ ብርድ ነው እንጂ። አሁን ላወጣቸው ነበር። ዛሬ ቀደምሽኝ።»

ሸጊቱን እግሯን የያዛት «ዛሬ» ያለችው ነው። ዛሬ ቀደመቻት፤ ሌላውን ቀን ሁሉ አልቀደመቻትም ማለት ነው። ጥላውን ካነሣችላቸውና ደጅ ይደሩ ካለች ወዲህ፣ በየማታው እሷ ዋናው ቤት ገብታ በሩን ስትቀረቅር፣ እናቷ አንድ በአንድ ስታስገባቸው፣ ንጋት ላይ ደግሞ ወደነበሩበት ስትመልሳቸው ከርማለች። ኮሶ ተራራ ላይ ከመተከሉ በፊት ብርዱንና ፀሐዩን ቀስ እያለ መልመድ አለበት። ውሃ ይቀነስበታል፣ ሌሊት ደጅ ያድራል፣ ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ነው ለጉድጓድ ደረሰ የሚባለው። ይህን ሸጊቱን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ከስልኳ ለቃቅማ፣ ከራዲዮ ሰምታ፣ ይልቁንም ከሞቱባት ችግኞች ነው የተማረችው፤ ስለዚህ እውቀቷን እንደ ገዛ ጥርሷ ነው የምታየው፣ ማንም እንዲነካካው አትፈልግም። ለእናቷም የነገረቻት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አትንኪያቸው።» ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። አንዱን ከጋቢው ሥር አውጥታ ግንዱን በሁለት ጣቷ ጨመቅ አደረገችው። እንደ ሽንኩርት ቅጠል ለስላሳ ነው። ባለፈው ሳምንት እንዴት ለመለሙ ብላ ፎቶ አንሥታ ቴሌግራም ላይ የለጠፈቻቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እጅሽ ይባረክ ያላት እነዚህን አይቶ ነው። ልምላሜው የእጇ መስሏት ነበር። የምድጃው ኖሯል።

«እኛ አገር ጃናሞራ፣ በግ በክረምት ብትወልድ ግልገሏን ደጅ እናሳድራለን እንዴ?» አለች ፋንታዬ፣ የልጇን ፊት አይታ። «ምድጃ ዳር ነው የምናሳድር። ሲነጋ እናቷ ጋ እንመልሳታለን።»

«እማዬ፣ እነዚህ ግልገል አይደሉም።»

«ሕይወት የላቸውም ወይ?»

ነገሩ የችግኝ ብቻ ቢሆን ሸጊቱ ተቆጥታም ስቃም ትተወው ነበር። ግን እነዚህ ኮሶዎች ጓሮውን ተሸክመዋል። እንዳለው የሚባለው ወንድሟ ከፋሲካ ጀምሮ ጓሮው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ልሥራ ብሎ ብሎኬት ሲያማርጥ ከርሟል። ቤቱ የእሱ ነው፤ ባጃጁም፣ የመብራት ቆጣሪውም በስሙ ነው፤ የእሷ የሚባሉት ችግኞቿና ምላሷ ናቸው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ «ደባርቅ ሰው ማደሪያ አጥቶ አንች ለቅጠል ግቢ ሰጥተሻል» ቢላት፣ «ለጓሳ ሜዳ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የማፈላቸው ኮሶዎች እስከ መስከረም ካልጸደቁ ብሎኬቱን ራሴ አቀብልሃለሁ» አለችው። እንዳለው ሳያመነታ መዳፉን ዘረጋ፤ እሷም መታችው። ፋንታዬ ሁለቱንም ተራ በተራ አየችና ወጥ ጨለፈችላቸው። ዝም ማለት ልማዷ ነው። ባሏ ሞቶ በጎቹ ከተሸጡ በኋላ እንዳለው ከመካነ ብርሃን ማዶ አምጥቷት ሁለተኛ ክረምቷ ነው፤ ዋናው ቤት ውስጥ ባለ ስፖንጅ አልጋ ቢገዛላትም ማድ ቤቱ መደብ ላይ ነው የምትተኛው። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ጭስ ለምዳ ነው ብለው ተዉት።

የባጃጁ ድምፅ ከበር ሲሰማ ሸጊቱ ጋቢውን ገፈፈችና ለእናቷ ወረወረችላት። «ለአያ እንዳለው እንዳትነግሪው» አለቻት። ከዚያ ዘወር ብላ፣ «ለማንም» አለች። ከችግኞቹ መካከል እጅግ የሳሱትን ለይታ ማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተወቻቸው፤ የቀሩትን በሁለት በሦስት እያቀፈች ባጃጁ ውስጥ ደረደረች። ሌላ ቀን ይሁን ማለት ይቻል ነበር። ግን ጉድጓዱ ተቆፍሮ ከርሟል፤ የሚካኤል ሰበካ ሰው አረሙን ትቶ ዛሬ ይሰበሰባል፤ ሌላ ቀን ካለች ደግሞ እንዳለው ምክንያቱን ይጠይቃል። ትትከላቸው፣ ጥላ ታድርግላቸው፣ እግዚአብሔር ደመና ይስጣት። ይህን እያሰበች የመጨረሻውን ስታስገባ እናቷ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን አጥልቃ ባጃጁ አጠገብ ቆማለች።

«እኔም እሄዳለሁ።»

«የት?» አለ እንዳለው። ከመጣች ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ በቀር ከግቢ ወጥታ አታውቅም።

«ችግኞቹ የሚሄዱበት።»

እንዳለው በእጁ መሪውን መታ መታ አድርጎ ተዋት። ወደ ዳባት በሚወስደው አስፋልት ላይ ጉም ተኝቶበት ስለነበር ቀስ ብሎ ነዳ። ሽንኩርት ከመቶ ብር አለፈ አለ፤ የባጃጅ ጎማም ተወዷል አለ፤ ትናንት አንድ ሰው ከነበጉ ልሳፈር ብሎት በጉ መቀመጫውን እንዳበላሸበት አወራ። ሸጊቱ ሌላ ቀን ቢሆን «ከሰውዬው በጉ ሳይሻልህ አይቀርም» ትለው ነበር። ዛሬ በጉልበቷ መካከል የያዘቻቸውን ቅጠሎች ታያለች፤ ባጃጁ በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ይወዛወዛሉ። እናቷ ከጎኗ አንዱን ችግኝ በጋቢዋ ጫፍ ከነፋሱ ከልላዋለች። ሸጊቱ አየቻት። እጇን ሰዳ ጋቢውን ልታነሣው ብላ ደግሞ ተወችው።

ጓሳ ሜዳ ሚካኤል ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ከገደሉ አፋፍ ነው። ከመካነ መቃብሩ በታች ያለውን ተዳፋት ጎርፍ እየሸረሸረው ባለፈው ክረምት ሁለት መቃብር ተከፍቷል። አምና ከሌላ ቦታ የመጣ ችግኝ ተተክሎ መስከረም ሳያልቅ ደረቀ። የሰበካው ሽማግሌዎች፣ ደግመን አንደክምም፣ ባሕር ዛፍ እንትከልበትና ይብቃን ሲሉ፣ አስተዳዳሪው አባ ወልደ ሩፋኤል ናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ለዚች ልጅ ስጡኝ ብለው ያስፈቀዱት። አሁን በጉሙ ውስጥ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሰዎቹ ከጓሳ ሣር የተሠራ የዝናብ ገሳቸውን ደርበው ዶማ ተደግፈዋል፤ ከሩቅ ሲታዩ ሣር የለበሱ ድንጋዮች ይመስላሉ።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። እሰይ፣ አድርሶሻል።» ከባጃጁ የወረደውን የመጀመሪያ ችግኝ አዩና ፊታቸው በራ። «በስመ ሥላሴ! ይህ ሁሉ ልምላሜ?»

ከሰዎቹ መካከል ደምለው የሚባለው ተረበኛ ገበሬ ቀረብ ብሎ ቅጠሉን ዳሰሰ። «እቴ፣ እነዚህስ ሙሽራ ናቸው። ያምናዎቹ ገና ሲወርዱ ፊታቸው አመድ ነበር።» ሰዎቹ ሳቁ። ሸጊቱ ምስጋናው እንደ ስድብ ተሰማት። ቶሎ ወደ ሥራ ነዳቻቸው። ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱት እንጂ አትጎትቱት፣ አፈሩ አይፍረስ፣ ሥሩ አይታጠፍ፣ ዙሪያውን በእጃችሁ ጨቁኑት እንጂ በጫማ አትርገጡት እያለች ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስትሮጥ፣ ደምለው፣ «ቀስ በይ አንች፣ ሰው ስንቀብር እንኳ እንዲህ አንሯሯጥም» አላት። ጉሙ እንደወፈረ ነው። የተተከሉት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፋንታዬ መቃብር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወደ ተዳፋቱ ታያለች። እንዳለው ባጃጁን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ለተወሰነ ጊዜ ሸጊቱ እንደማይነቃባት ተስፋ አደረገች።

ወደ እኩለ ቀን ላይ ጉሙን ነፋስ ከገደሉ አነሣው። ክረምት ላይ ደጋ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ከረመ ዕዳ ከነወለዱ ነው የሚወጣው፤ ያቃጥላል፣ ነፋሱም ይገርፋል። መጀመሪያ የላይኛው ረድፍ ቅጠሉን ጣለ፤ ቀጥሎ የታችኛው። ሰዎቹ ምሳቸውን ፈትተው ሲቀመጡ ተዳፋቱ ላይ ያለው ኮሶ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ሸጊቱ መቀስ አውጥታ ከየችግኙ ቅጠሉን በግማሽ በግማሽ መቁረጥ ጀመረች፤ ሥሩ ገና ውሃ አልያዘም፣ ብዙ ቅጠል ያደርቀዋል። አንዲት ሴትዮ በድንጋጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አሁን የተከልነውን ትቆርጪዋለሽ?»

«ተያት» አለ ደምለው፣ ዳቦውን እያላመጠ። «ያምናዎቹ እንኳ እስከ መስከረም ታግሠውን ነበር። እነዚህ እስከ ምሳም አልደረሱ።»

የሳቀ የለም፤ ይኼ ነው የባሰባት። እንዳለው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቀና ብሎ አያት። አላሾፈም፤ ከንፈሩን ነከስ አድርጎ ብቻ አያት፤ ብሎኬቱን ማቀበል ከዚህ ይልቅ ይቀላት ነበር። አባ ወልደ ሩፋኤል ቀስ ብለው ወረዱና ካጎነበሰችበት አጠገቧ ቆሙ።

«ልጄ፣ ብርድም ፀሐይም አስለምጃቸዋለሁ ብለሽኝ ነበር።»

ሸጊቱ መቀሱን ሳታስቀምጥ ወደ መቃብሩ ተመለከተች። እናቷ ከድንጋዩ ላይ ሆና ታያታለች። ሸጊቱ ለሰው ሁሉ መልስ አጥታ አታውቅም፤ አሁን ግን አፏ ላይ የመጡት መልሶች ሁሉ አንድም እናቷን አንድም እሷን ራሷን የሚያዋርዱ ሆኑባት።

«ለምደዋል አባ» አለች። «ፀሐዩ ነው የበረታው።»

«አልለመዱም።» ፋንታዬ ተነሥታ ነበር። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ሰዎቹ ግን ማላመጥ አቆሙ። «ትዋሻለች። እኔን ልትሸሽግ ነው እንጂ መዋሸት አታውቅም። እሷ ደጅ አሳድራቸው ነበር። እኔ ነኝ ማታ ማታ እያስገባሁ ምድጃ ዳር ያሳደርኋቸው። ሳያቸው ይበርዳቸዋል። በግም የለኝ አሁን፣ ግልገልም የለኝ። እና አስገባኋቸው።»

 የሸጊቱ ፊት እንደ ምድጃው ጋለ።  ደምለው የዳቦ ፍርፋሪውን ከገሳው ላይ አራገፈና ተነሣ።

«የምድጃ ናቸዋ» አለ። ድምፁ ውስጥ ሹፈት አልነበረም። «ሴትዮ፣ የምድጃ ግልገል እንዴት ነው የምናወጣ?»

«ቀን ለጥቂት ፀሐይ ላይ ትወጣለች» አለች ፋንታዬ። «ነፋስ ሲሆን ትገባለች። ነገ ትንሽ ታመሻለች፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ትንሽ።»

«ታዲያ እነዚህን በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ለቀቅናቸው እኮ።» ደምለው ገሳውን ከትከሻው አውልቆ፣ ሁለት እንጨት ተከለና በአንዱ ኮሶ ላይ ዘረጋው። ቀና ብሎ ሌሎቹን አየ። «ምን ታያላችሁ?»

እንዲህ እንዲህ እየተባለ ተዳፋቱ በገሳ ተሞላ። ገሳ ያልደረሰላቸውን በጓሳ ነዶ ሸፈኗቸው፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ድንጋይ ካቡላቸው። ሸጊቱ ቆማ አየቻቸው። እሷ ለወራት በስልኳ ያነበበችውን ነገር ሰዎቹ ከበግ ጋር ሲኖሩ ኖረውበታል፤ ይህ ግን አላስደሰታትም፣ አላናደዳትምም፤ እናቷ ማድ ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ እያወቀች ሁለት ክረምት ስትቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ምን ታውቂያለሽ ብላ እንዳልጠየቀቻት ነው የታሰባት። ወርዳ ከሰዎቹ ጋር ካብ ካበች። ጠዋት ጠዋት ይገለጥ፣ ፀሐይ ሲበረታ ይከደን፣ በየቀኑ የሚገለጥበት ይርዘም አለች። ደምለው ራሱን ነቀነቀ፤ እንደሱ ነው አለ፤ ከዚያ፣ «ግን ማን?» አለ።

 ሐምሌ ነው፤ ሁሉም እርሻው ላይ ነው። ዲያቆናቱ ለክረምት ትምህርት ጎንደር ወርደዋል። አባ ወልደ ሩፋኤል በመስቀላቸው ጢማቸውን ነካ ነካ አድርገው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተመለከቱ። እዚያ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች የመነኮሱባቸው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ።

«የእማሆይ ወለተ ሥላሴ ጎጆ ከጥር ወዲህ ባዶዋን ናት» አለች ፋንታዬ። ሁሉም ዘወር አሉባት። ጠዋት ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አንዷን ሴት ጠይቃ ኖሯል። «እኔ እቀራለሁ።»

«እማዬ ተይ እንጂ» አለ እንዳለው። አሁን ከባጃጁ ርቆ አጠገቧ መጥቷል። «ሰው ምን ይለኛል? እናቱን ቤተ ክርስቲያን ጣላት አይሉኝም? አልጋ ገዝቼልሽ፣ ሁሉን አሟልቼልሽ…»

«ማንም አልጣለኝ ልጄ። ግልገል ልትጠብቅ ቀረች በላቸው።» ጉንጩን በመዳፏ ነካችው። «አልጋው ጥሩ ነው። እኔ ነኝ ያልቻልሁት።»

እንዳለው አንገቱን ደፋ። ሸጊቱ እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ትፍቃለች። ቅሪ ማለት አልቻለችም፤ አትቅሪ ማለትም ኮሶዎቹን መግደል ነው፤ ኮሶዎቹ ከሞቱ ጓሮው ሄደ። ጓሮዋን የሚያተርፍላት የእናቷ መቅረት መሆኑን ስታውቅ ጓሮው በዓይኗ አነሰባት።

«እስከ መቼ?» አለቻት።

«እስኪለምዱ።»

«ከዚያስ?»

ፋንታዬ ጋቢዋን አስተካክላ ወደ ላይኛው ረድፍ ሄደች፤ አንዱ ገሳ ጠምሞ ስለነበር አቃናችው። ከዚያ ሳትዞር፣ «እነዚያ ቤት የተውሻቸውን ደጅ አሳድሪያቸው» አለች። «አላስገባቸውም ከእንግዲህ። አልደርስባቸው።»

ሲመለሱ እንዳለው ስለ ሽንኩርት አላወራም። ባዶው ባጃጅ በየጉድጓዱ ይንኳኳል፤ ወለሉ ላይ የተቀዳደደ ጥቁር ፕላስቲክ ከወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። የደባርቅ ቆርቆሮዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ጓሮው ሊናገር ነው ብላ ጠበቀችው።

«የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ነገ አስመታዋለሁ» አለ።

«ለማን?» አለችው።

 በር ላይ አውርዷት ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። ገና ብርሃን ነበር። ብርዱ ግን ከሊማሊሞ በኩል መውጣት ጀምሯል። ማድ ቤቱ ውስጥ ምድጃው ጠፍቶ አመዱ ነጭ ሆኗል፤ መደቡ ላይ የፕላስቲኮቹ ክብ እርጥበት በተርታ ታትሞ ቀርቷል፤ በነዚያ ክቦች መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ለአንድ ሰው ጎን ብቻ የሚበቃ ደረቅ ቦታ አለ። እናቷ የምትተኛበት ይህቺን ነበር። ሸጊቱ ጣሳው ሞልቶ ስለነበር ውሃውን ደፋችና መልሳ ቦታው አደረገችው።

የሳሱትን ኮሶዎች ከግድግዳው ሥር አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ጓሮው መሬት አወጣቻቸው። የመጨረሻው ከሁሉ ያነሰ ነበር፤ እጇ ላይ ይዛው በሩ ላይ ቆመች። ቅጠሉ በነፋሱ ይርገበገባል። ወደ ውስጥ አየች፤ ወደ ውጭ አየች። ከሌሎቹ አጠገብ አኖረችው። ገብታ እሳት ሳታነድ መደቡ ላይ በዚያች ደረቅ ቦታ ጎኗን አሳረፈች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ብርዱ እንደ ልቡ ገባ።